ከወልዴ ጉድጓድ የሚሰማው ድምፅ

ባለፈው ሰሞን ስልኬን ሳጋድመው ሥዕሉ አብሮ አልዞር አለ። የልጅ ልጆቼን ፎቶ አንገቴን አጣምሜ ማየት ሲሰለቸኝ፣ ከመናኸሪያው ማዶ ወዳለችው የስልክ ጠጋኝ ይዤው ሄድኩ። ልጅቷ ጎበዝ ናት። ባጃጆቹ በሯ ላይ እየተንጫጩባት፣ ላቧን በክንዷ እየጠረገች የስልኬን ሆድ ከፈተችና፣ «እማማ አስካለ፣ መዞሩን የሚያውቀው ዕቃ ነው የተበላሸው» አለችኝ። ምን ዓይነት ዕቃ ነው አልኳት፤ ለወሬ ያህል ነው እንጂ ይገባኛል ብዬ አይደለም። «ከጤፍ ፍሬ የምታንስ ነገር ናት። ሁልጊዜ ትንቀጠቀጣለች። ስልኩ ሲዞር በመንቀጥቀጧ ታውቀዋለች።» «ሳታርፍ?» አልኳት። «ሳታርፍ» አለች። በዚያ በሚያቃጥል ቀትር ብርድ ወረረኝ። ስኳሬ የወረደ መስሏት ወንበር ስባ አስቀመጠችኝ፤ ሻይም አስመጣችልኝ።

ስኳሬስ አልወረደም። ጋሼ ፍሥሐ ነው ትዝ ያለኝ። ከስንት ዘመን በኋላ፣ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ «አስካለ፣ እስቲ ዝም በይና ስሚ» ያለኝ ያህል ሆነብኝ። ያኔ አንቱ ነበር የምለው። አሁን ሳስበው ከመጨረሻ ልጄ የሚያንስ ጎልማሳ ሆኖ ነው የሚታየኝ፤ ስለዚህ አንተ ብዬ ባወራው አይቀየመኝም።

ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ። ጃንሆይ ገና በዙፋናቸው ላይ ነበሩ፤ ሻይ ዐሥር ሳንቲም፣ ምሳ ሽልንግ፣ ክፍል ከነአጎበሩ አንድ ብር ነበር። ሸዋ ሮቢት ማለት ያኔ መኪና መንገዱን ይዞ ግራና ቀኝ የተደረደረ ቆርቆሮ ነበር፤ ከቆርቆሮው ጀርባ ወዲያው ማሽላ፣ ከማሽላው ወዲያ ቁርቁራና ግራር። አሁን ሲሚንቶና ብረት የሚሸጥበት ማዕዘን ላይ የአክስቴ የእትዬ ደብሪቱ ሆቴል ነበረ። እኔ አልጋ አንጣፊም፣ አስተናጋጅም፣ የራዲዮኑ ባትሪ ድንጋይ ሲያልቅ ፀሐይ ላይ አስጪም ነበርኩ። ወደ ደሴ የሚወጡት ኤንትሬ ካሚዮኖች ከነተሳቢያቸው ሲያልፉ መደርደሪያው ላይ ያለው ብርጭቆ ሁሉ እርስ በርሱ ይነካካል፤ እትዬ ደብሪቱ በብርጭቆው ድምፅ ብቻ መኪናው ባዶ ይሁን የተጫነ ታውቅ ነበር። ሾፌሮቹ ደጋው ላይ ምሳቸውን በልተው እኛ ዘንድ ለቢራ ይቆማሉ። የቴትሮን ሸሚዝ ከፍተው፣ ፎጣ አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው፣ የአዲስ አበባን አዲስ ዘፈን በፉጨት ያመጡልን ነበር። ዘፈኑ በራዲዮን የሚደርሰን ከፉጨቱ በኋላ ነው። እኔም ያኔ ኮንጎ ጫማ ተጫምቼ፣ ናይለን ሻሼን ወደ ኋላ አስሬ፣ ከእኔ በላይ ቆንጆ ያለ አይመስለኝም ነበር። ገበያ ቀን አዳሎች ከበረሃ ግመሎቻቸውን ይዘው ሲመጡ ያልፉና ያዩኛል፤ እኔም እንዳላየ ሆኜ አያቸዋለሁ።

ያ ዘመን ደግሞ ምድር የምትንቀጠቀጥበት ዘመን ነበር። ስንት ጊዜ እንደሆነ አልቆጠርኩም፤ ብቻ ሕዝቡ ጣራ ሥር መተኛት ፈርቶ አልጋውን ደጅ ያወጣበት ሰሞን ነበር። ደጋ ዳር ያሉት መንደሮች የፈራረሱ አሉ ይባላል። ከዚያ ይተዋል። የተወ ሲመስል ደግሞ ድስቱ ከጉልቻው ላይ ትንሽ ይንሸራተታል፤ ሁሉም እርስ በርሱ ይተያይና ሥራውን ይቀጥላል።

ጋሼ ፍሥሐ ከአውቶቡስ የወረደው እንደዚያ በተወበት ወር ነው። ከረባት አስሯል፤ በዚያ ሙቀት! ሻንጣውን ወዛደር አሸክሞ፣ አንድ የእንጨት ሣጥን ግን እንደ ሕፃን አቅፎ ራሱ ያዘ። «ከመንገዱ የራቀ ክፍል ይኖራችኋል?» አለ። የመጨረሻዋን፣ ከጓሮው ፓፓያ አጠገብ ያለችውን ሰጠነው። ኢንጂነር ነው፣ ውጭ አገር ተምሮ የመጣ ነው፣ የዓመት ፈቃዱን ወስዶ ነው የመጣው ተባለ። ሰው ፈቃዱን ባሕር ዳር ወይም ሶደሬ ይወስዳል እንጂ እንዴት ወባ አገር ይመጣል ብላ እትዬ ደብሪቱ ጠረጠረችው። «ሰላይ ነው ወይ በሽተኛ ነው» አለችኝ። «የትኛው እንደሆነ ሻይ ስታደርሺ እይልኝ።»

አየሁላት። ሣጥኑ ውስጥ ጥጥ፣ ጥጡ ውስጥ የመስተዋት ጽዋ ነበር፤ ከዋንጫ ሰፋ፣ ከሳህን ጠለቅ ያለ፣ ከሥሩ አጭር እግር ያለው። ከቀለጠ ነጭ አሸዋ የተሠራ ነው አለኝ። ጫፉ ላይ ጨርቅ በታሰረባት እንጨት ከንፈሩን ነካ አደረገው። የቤተ ክርስቲያን ደወል ሰምቼ አውቃለሁ፤ ይህ ግን ከውጭ የመጣ ሳይሆን ከራሴ ጆሮ ውስጥ የተነሣ መሰለኝ። ቀጭን፣ ረዥም፣ የት እንዳለቀ የማይታወቅ። ትሪውን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ትሰብርብኛለች ብሎ አልፈራም፤ እጄን ይዞ ጽዋውን አስያዘኝና ጆሮዬን በዙሪያው አስዞረኝ። አንዱ ቦታ ድምፁ ይጮኻል፣ ቀጥሎ ያለው ቦታ ጭጭ ይላል፣ ደግሞ ይጮኻል። «አሁን ጽዋውን አዙሪው» አለ። አዞርኩት። ጭጭ ያለው ቦታ አብሮኝ ይዞራል ስል ወደ ኋላ ቀረት አለ። «አየሽ? መዞሩን አወቀ» አለኝ። «ዓይን የለው፣ ፀሐይ አያይ፣ ተራራ አያይ፤ ግን ምን ያህል እንደዞረ ያውቃል። ይህን አውሮፕላን ውስጥ ብታስቀምጪው፣ ደመና ውስጥም ቢሆን አቅጣጫ አይጠፋም።»

ወንድሙ አብራሪ ነበር። ደመና ውስጥ አቅጣጫ ጠፍቶት ተራራ መታ። ይህን የነገረኝ ሌላ ቀን ነው፤ ከረባቱን ፈቶ፣ ብርቱካን እየላጠ፣ ልክ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወራ። ከዚያ በኋላ ለምን ፈቃዱን ባሕር ዳር እንዳልወሰደ እትዬ ደብሪቱም አልጠየቀችም።

ችግሩ ድምፁ ማለቁ ነው ይል ነበር። ጽዋው መዞሩን የሚያውቀው እየጮኸ ሳለ ብቻ ነው፤ ዝም ካለ ረሳ ማለት ነው። ስለዚህ ጋሼ ፍሥሐ ሌት ተቀን የሚያሳድደው ድምፁን የሚሰርቁትን ሌቦች ነበር። ጠረጴዛው ላይ ሲያቆመው እጄን እንጨቱ ላይ አድርጌ ንዝረቱ ሲያልፍ ይሰማኝ ነበር፤ «ይኸውልሽ፣ በእግሩ በኩል እየፈሰሰ ነው» ይለኛል። ከንፈሩ አንድ ወገን ከበደ ካለ እግሩ ይወዛወዛልና፣ ጫፉን በላመ የድንጋይ ዱቄት ትንሽ በትንሽ እየሞረደ አመዛዘነው። ከዚያ የጣታችን ቅባት አንድ ሌባ ሆነ፤ በእትዬ ደብሪቱ ካቲካላ ያጥበው ጀመር፤ እሷም «ዕቃው ሰክሮ ነው የሚዘፍነው» እያለች ትስቅ ነበር። ከዚያ አየሩ ራሱ ሌባ ነው አለ። ወፍራም የመስተዋት ገንቦ ደፋበትና ዙሪያውን በሰም ለጠፈው፤ በእጅ ፓምፕ እየገፋ አየሩን መጠጠው። ከገንቦው ውስጥ ደግሞ ትንሽ መዶሻ አለች፤ ከውጭ በማግኔት ትነሣለች። መዶሻዋ ስትመታ አየኋት። ምንም አልሰማሁም። የጨርቅ ኳስ የነካች ያህል ጭጭ። ጋሼ ፍሥሐ ቀጭን እንጨት ከገንቦው መቀመጫ ላይ አቁሞ ሌላውን ጫፍ ጆሮዬ ላይ አደረገው። ያ ድምፅ እንጨቱን ተከትሎ ራሴ ውስጥ ገባ። ሻይ ቀድቼ፣ ምሳ አቅርቤ፣ ሰሃን አጥቤ ተመለስኩ። እንጨቱን ጆሮዬ ላይ አደረግሁ። አለ። ያ ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የፈራሁት። ላየው ሰው ጭጭ ያለ ዕቃ፣ ሰው ሳይሰማው እዚያ ውስጥ መጮኹን አልተወም።

አንድ ሌባ ብቻ ቀረ፤ መንገዱ። ኤንትሬ ባለፈ ቁጥር ሥራው ይበላሻል። ምድር የማትነቃነቅበት፣ ሙቀቱም ከቀን ቀን የማይለዋወጥበት ቦታ እፈልጋለሁ ሲል፣ ማሽላ ሊሸጡልን የመጡት ጋሽ ወልዴ በሩ ላይ ቆመው ሰሙት። ጋሽ ወልዴ የቀወት ገበሬ ናቸው፤ ከሮቢ ወንዝ ማዶ። ዝምተኛ፣ ጢማቸው ቀድሞ የነጣ። «እኔ ዘንድ ባዶ የእህል ጉድጓድ አለ» አሉ። «ጸጥ ያለ ነው።» ይህን ብለው ወጡ። እትዬ ደብሪቱ ክንዴን ቆነጠጠችኝ።

ነገሩን ቀወት ሁሉ ያውቀዋል። ማሽላችን የሚከተተው መሬት ውስጥ ነው፤ አፉ ጠባብ ሆዱ ሰፊ ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ እህሉ ተሞልቶ በድንጋይና በጭቃ ይደፈናል። ሲከፈት ወዲያው አይገባም፤ ታፍኖ የቆየ አየሩ ይገድላል። ከፍቶ ማስተንፈስ፣ ከዚያ ኩራዝ በገመድ ማውረድ ነው፤ ኩራዙ ከጠፋ ሰው አይወርድም። የጋሽ ወልዴ ሚስት ጥሩነሽ ይህን የማታውቅ ሆና አልነበረም። እንግዳ መጣባት፤ ቸኮለች፤ ወረደች። ከዚያ ወዲህ በዚያ ጉድጓድ እህል አልገባም።

ነገሩን ለጋሼ ፍሥሐ ነገርኩት። ከዚያ ጋሽ ወልዴ ዘንድ ሄዶ፣ «አባቴ፣ የማይሆን ከሆነ ሌላ ቦታ እፈልጋለሁ» አላቸው። እሳቸውም «ሰው ይግባበት። ባዶውን ጠላሁት» አሉ።

ጉድጓዱን ከፍተን ሰነበትን፤ ኩራዙ ሳይጠፋ ሲቀር ጋሼ ፍሥሐ ወርዶ ገንቦውን ከታች ካለው አለት ላይ አቆመው። መቀመጫው ላይ ረዥም የግራር በትር አስደግፎ አፉ ድረስ አወጣው። ማግኔቷን የምትጎትት ገመድም ከበትሩ ጎን ወጣች። ከዚያ አፉ በድንጋይና በጭቃ ተደፈነ፤ ከመሬት በላይ የቀረው አንድ ክንድ የሚሆን በትርና የገመድ ጫፍ ብቻ ነው። እኔ ምሳውን ይዤ ወንዙን እየተሻገርኩ እመላለስ ነበር። እሱ ገመዱን ሳብ ያደርጋል፤ ተንበርክኮ በትሩን ጆሮው ላይ ያደርጋል፤ ሰዓቱን ያያል፤ ፈገግ ይላል። ከትናንት ዛሬ ረዘመ፤ ከዛሬ ነገ ይረዝማል።

አንድ ቀን ጋሽ ወልዴ ሞፈራቸውን አስቀምጠው መጡ። «እኔስ ብሰማው?» አሉ። ጋሼ ፍሥሐ ቦታ ለቀቀላቸው። ተንበረከኩ፤ ጆሮአቸውን በትሩ ላይ አደረጉ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቆዩ። ቆዩ። እንባቸው በጢማቸው ላይ ሲወርድ አየሁ። ቀና ሲሉ ያሉት አንድ ነገር ነው፤ «ጥሩነሽ ታንጎራጉር የነበረው እንዲህ ነው። እህል ስትፈጭ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ እዚያው ናቸው። ማሽላው እሸት ይዟል፤ ግሪሳው እንደ ጥቁር ጭስ ከበረሃ እየመጣ ይወርድበታል፤ ጎረቤት ሁሉ ማማ ላይ ወጥቶ ወንጭፍ ሲያጮህ የሳቸው ማማ ባዶ ነው። ጋሼ ፍሥሐ ሁለት ሦስት ጊዜ «ጋሽ ወልዴ፣ እርሻዎ…» ብሎ ጀመረ። እሳቸው እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኙት፤ ልክ እሱ እኔን እንደሚያሰኘኝ።

ያቺ ቀን ረፋዱ ላይ ነው። ምሳ ይዤ ስደርስ ሁለቱም ቆመዋል፤ ማንም ማንንም አያይም። «ገመዱን ስበሽ ነበር?» አለኝ ጋሼ ፍሥሐ። ከየት መጥቼ! «ከትናንት ወዲህ ማንም አልሳበም» አለ። «ማለቅ ነበረበት። ቢበዛ ማታውን ማለቅ ነበረበት።» ወስዶ አሰማኝ። ድምፁ አለ። አለ ብቻ ሳይሆን ከፍ እያለ ነው። አንድ ሰው ከሩቅ ወደ እኛ እየመጣ የሚያንጎራጉር ያህል። ፀሐዩ እንደዚያ እየነደደ፣ አንድ ወፍ እንኳ አይጮህም፤ የጋሽ ወልዴ ውሻ አጥሩ ሥር ተለጥፋ መሬቱን ታሸታለች።

«ልገባ ነው» አለ ጋሼ ፍሥሐ። ጭቃውን በእጁ ይፍቅ ጀመር። ድንጋዩን አነሣነው። ኩራዙን አብርተን አወረድነው፤ ከአፉ ትንሽ ዝቅ እንዳለ ጠፋ። ደግመን አበራነው፤ ጠፋ።

«ነገ ይሆናል» አሉ ጋሽ ወልዴ። «ይተንፍስ።»

«ነገ ላይኖር ይችላል። ትንፋሼን ይዤ አይቼው ብቻ እመለሳለሁ። ሰም ተላቆ እንደሆነ፣ መዶሻዋ ተይዛ እንደሆነ…»

«ጌታዬ፣ ነገ።»

«አባቴ፣ አልገባዎትም፤ ድምፁ አላለቀም እኮ! ምንም አልጠፋበትም!» እንዲህ ሲል ፊቱን አየሁት፤ የሚያውቀኝ ፊት አልነበረም። እግሩን ወደ ውስጥ ሰደደ። ጋሽ ወልዴ በሁለት እጃቸው በብብቱ ሥር ጠፈሩት። «አንተ ልጅ!» ብለው ጮኹ፤ ጌትነቱ ቀረ። «እሷም እመለሳለሁ ብላ ነው! አንተ ልጅ፣ እሷም ልትመለስ ነበር!» ጎተቱት፤ ታገላቸው፤ ሦስታችንም ተደራርበን መሬት ላይ ወደቅን።

እኔ የወደቅን መስሎኝ ነበር። ልነሣ ስል መሬቷ ከሥሬ ሸሸች። ከሆድ የሚወጣ የሚመስል ጉርምርምታ፣ የቤቱ ምሰሶ ሲንቋቋ፣ ከወንዙ ማዶ ሴቶች እግዚኦ ሲሉ። የጉድጓዱ አፍ ወደ ውስጥ ተጣጥፎ፣ ልክ ከንፈሩን እንደሚነክስ ሰው፣ ተዘጋ። አቧራው ሲወርድ የሚታየው ጎድጎድ ያለ መሬትና ያዘነበለ በትር ብቻ ነበር። ገመዷን ስስባት ተበጥሳ ባዶዋን እጄ ላይ መጣች።

በኋላ ጋሼ ፍሥሐ በጉልበቱ ሄዶ ጆሮውን በትሩ ላይ አደረገ። ከንፈሩ ነጣ። ተነሥቶ ቦታውን ለኔ ለቀቀ። ከዚያ ሁሉ አፈር ሥር ያ ቀጭን ድምፅ አለ፤ ምንም እንዳልሆነ።

«መሬቷ ናት» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከመንቀጥቀጧ በፊትም በኋላም፣ ለእኛ በማይሰማን ሁኔታ ትንቀሳቀሳለች። እሱ ግን ይሰማዋል። እሷ ናት የምትመታው።» ልክ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ይህን ሲለኝ ከበትሩ ፈቀቅ እያለ ነበር።

ጽዋውን ለማውጣት ወጣቶች ይቆፍሩለት ዘንድ ተስማምቶ ነበር። ጋሽ ወልዴ አልፈቀዱም። በትሩ ሥር ቁርበታቸውን አነጠፉ። የሚበላ ስናመጣላቸው «ቆይ» ይላሉ። ጎረቤት ሲመክራቸው «እየጠራችኝ አይደለም፤ አብራኝ ናት እንጂ» ይላሉ። ማሽላቸውን ግሪሳው ከአንድ ወገን ጨርሶ ወደ ሌላው ተሸጋገረ። ጋሼ ፍሥሐ እነዚያን ቀናት ሆቴሉ በረንዳ ላይ ተቀምጦ አሳለፈ፤ ከረባቱን ካሰረም ከፈታም እንጃ። የስንት ዓመት ድካሙ እዚያ መሬት ውስጥ ነበር። እንደዚያ ሳይጠፋ የቆየ ድምፅ በዓለም ላይ ማንም አልሰማም ብሎኛል፤ ያለው ማስረጃም ያ በትር ብቻ ነበር።

አንድ ጠዋት «ምግቡን ይዘሽ ተከተይኝ» አለኝ። ስንደርስ ጋሽ ወልዴ ጎናቸውን ሰጥተው ተኝተዋል፤ ጆሮአቸው በትሩ ላይ። ጉንጫቸው ጎድጉዷል። ጋሼ ፍሥሐ አጠገባቸው ተንበረከከ። «አባቴ፣ እኔም ልስማው» አለ። ለቀቁለት። ጆሮውን በትሩ ላይ አደረገ። ከዚያ በትሩን ለኔ አዞረልኝና በዓይኑ ያዘኝ። ሰማሁ። ነበረ። ከመጀመሪያው ቀን በምንም አላነሰም፤ እንዲያውም የቀረበኝ መሰለኝ።

ጋሼ ፍሥሐ ተነሣ። በትሩን በሁለት እጁ ጨበጠ፤ ወዘወዘው፤ ነቀለው። አፈሩ ወደ ቀዳዳው ሲንሸራተት ሰማሁ። በትሩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሰበረው።

«አለቀ፣ አባቴ» አላቸው። «ድምፁ አልቋል። አሁን ጆሮዬ ላይ አለቀ።»

ጋሽ ወልዴ እሱን ሳይሆን እኔን አዩኝ። «እውነት ነው?»

«እውነት ነው» አልኩ።

ቀና ብለው ተቀመጡ። ያመጣሁትን አነሡ፤ ቆረሱ፤ አኘኩ፤ ጥቂት እንደቀማመሱ ከእርሻው በኩል የግሪሳው ክንፍ እንደ ዝናብ ሲመጣ ተሰማ። ወንጭፋቸውን ከአጥሩ ላይ አወረዱ። አቅም አንሷቸው ነበር፤ ማማው ላይ ሲወጡ ሁለት ጊዜ አረፉ።

ጋሼ ፍሥሐ ሁለቱን ስብርባሪ ይዞ ከጎኔ ቆሟል። «ምን ሰማሽ?» አለኝ፣ ሳያየኝ።

«እርስዎ የሰሙትን» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። ማማው ላይ ጋሽ ወልዴ ወንጭፋቸውን አዙረው ለቀቁት፤ ከዚያም አፋቸውን ከፍተው በወፎቹ ላይ ጮኹ። ከጥሩነሽ ቀብር ወዲህ ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ከኔና ከጋሼ ፍሥሐ በቀር ማንም ሰምቷቸው አያውቅም ነበር።